የዘለልኩት መስመር

ጥር 6

ደብተሩን ራሴ ገዛሁ፣ ራሴ ጻፍኩበት። ማንበብና መጻፍ የሚያስተምረን የማታ መምህራችን "በየቀኑ ትንሽ ጻፉ፣ እጃችሁ ይፍታታ" ብሎናል። የእኔ እጅ መፍታታቱን ጨርሶ ሩጫ ጀምሯል፣ ለሌሎቹ ይዘንላቸው።

የሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ እንደ ሁሌው ነው። እንፋሎት፣ እርጥብ አንሶላ፣ የማሽን ጩኸት። ከእታለም ጋር ስናጥፍ ዋልን። እሷ አንዱን ጫፍ፣ እኔ ሌላውን። እናራግፋለን፣ ለሁለት እናጥፋለን፣ ከዚያ እየተራመድን መጥተን እንገናኛለን። ጫፏን እጄ ላይ ታስቀምጣለች። ስድስት ዓመት እንዲህ። እታለም የምላት እኔ ነኝ። አገሯ ሌላ፣ ሃይማኖቷ ሌላ፣ ወሬ አታበዛም። ለሁለታችንም የማወራው እኔ ነኝ።

የሳሙናውን በርሜል ጮክ ብዬ አነበብኩላት። "ከልጆች አርቁ ይላል!"

"እንግዲያው ራቂ፣ ፕሮፌሰር" አለችኝ።

ስሙን ያወጣችልኝ እሷ ናት። አሁን ግቢው ሁሉ በሱ ነው የሚጠራኝ። አልከፋኝም… ይገባኛላ!

ጥር 11

የእታለም እናት አረፉ። አብረው ነበር የሚኖሩት።

ጸሎት ቤት ለእህቶች "ሄጄ ወንጌል አነብላታለሁ" አልኳቸው። አንዷ "አንቺ? ራስሽ?" አለች። እኔ ራሴ! የአልዓዛርን መረጥኩ፣ ሞቶ የተነሳውን። አምስት ጊዜ ተለማመድኩ። አንዱን መስታወት ፊት።

ጥር 12

ሄድኩ… አይ። ዛሬ አልጽፍም።

ጥር 13

ልጻፈው።

ክፍሉ ጠባብ ነው፣ በሩ ክፍት። ሰው ሁሉ ምንጣፍ ላይ ተቀምጧል፣ ትንፍሽ የሚል የለም። እኔ ዝምታ ሳይ ባዶ ወንበር ያየሁ ይመስለኛል፣ ካልተቀመጥኩበት አይሆንልኝም። ተነስቼ ቆምኩ። ወንጌሉን አወጣሁ። ጮክ ብዬ፣ እየፈጠንኩ፣ አንዴም ሳልደናቀፍ አነበብኩ። እዚያ ላይ ቢበቃኝ ምን ነበረበት? "አታልቅሺ እታለም" አልኳት። "እናትሽ ይህን በጊዜ ሰምተው ቢሆን ኖሮ…"

አልኩ። እናቷን በቀበረች ማግስት።

አልተቆጣችም። ክንዴን ይዛ እስከ በሩ ሸኘችኝ። አንድ ሰው ጫማዬን አፍንጫውን ወደ ውጭ አዙሮ አስቀምጦልኛል።

ጥር 15፣ እሁድ

መጋቢው "እህታችን ምስክርነት አላት" ብሎ አስነሳኝ። ሁሉም ዞሮ አየኝ። ምን ልበል? "አነበብኩላቸው፣ በእንባ ሰሙኝ" አልኩ። አጨበጨቡ።

እንባውማ ነበር። በምን እንደመጣ ግን አልተናገርኩም።

ጥር 18

የሆስፒታሉ ዘበኛ የእታለም የአክስት ልጅ ነው። በሩ ላይ አስቆመኝ።

"ሬዲዮዋ አንቺ ነሽ?"

"የምን ሬዲዮ?"

"ለቅሶ ቤት ሬዲዮ የተከፈተብን ነዋ!"

ስቄ ላሳልፈው ነበር፣ እሱ አልሳቀም። እነሱ ዘንድ ሐዘንተኛዋ ራሷ እስክትናገር የመጣ ሰው አይናገርም። ቀንም ይፍጅ፣ ሳምንትም። "አብሮ ዝም ማለት ነው ማጽናናቱ" አለኝ።

"ማንም አልነገረኝም እኮ።"

"ጠይቀሻል?"

ስድስት ዓመት ሙሉ… እናትሽ እንዴት ናቸው ብዬ እንኳ ጠይቄያት አላውቅም።

ጥር 20

እታለም ሥራ ገባች። "እንዴት አደርሽ?" "ደህና።" በቃ። አንሶላውን ብቻዋን ነው የምታጥፈው፣ አንዱን ጫፍ በጠረጴዛው መሳቢያ ቆንጥጣ። እኔን ከምትጠራ መሳቢያ ይሻላታል።

ይቅርታ ልል አፌን ከፈትኩ፣ መልሼ ዘጋሁት። የእኔ አፍ!

ጥር 21

የአልዓዛርን እንደገና አነበብኩ፣ በጣቴ እየተከተልኩ። ለካ አንድ መስመር ዘልዬ ኖሯል። ከሁሉ አጭሩን። ኢየሱስ መቃብሩ ጋ ሳይደርስ ያለቀሰበትን። እንደሚያስነሳው እያወቀ አለቀሰ እኮ! እኔ ታዲያ ትንሣኤው ጋ ቶሎ ልድረስ ብዬ ስበር…

ለጌታ ነው ያነበብኩት? ወይስ ማንበቤ እንዲታይልኝ? ይህን ደብተር ከእኔ ሌላ የሚያየው የለም፣ ለማን እዋሻለሁ?

እንዲታይልኝ ነው።

ጥር 22፣ እሁድ

ሳልጠራ ተነሳሁ። "ባለፈው ያልኩት ውሸት ነው። ሐዘንተኛ አቁስዬ ነው የመጣሁት" አልኩ። ማንም አላጨበጨበም። መጋቢው ቀስ ብሎ "እኔም ምን እንደሆነ ሳልጠይቅ ነው ያስነሳሁሽ" አለ።

ከዚያው እታለም ቤት ሄድኩ። ጫማዬን አወለቅኩ። ተቀመጥኩ። ቀና ብላ አየችኝና የምትጠግነው ቀሚስ ላይ አቀረቀረች። አንድ ሰዓት ያህል። ቃል አልወጣኝም። ምላሴን ነክሼ ነክሼ አሁን ምሳ እንኳ ያቃጥለኛል።

ጥር 24

ሄድኩ። ምንም።

ጥር 26

ሄድኩ። ልወጣ ስል እታለም ተናገረች።

"እናቴ ታውቅሽ ነበር።"

ተመልሼ ተቀመጥኩ።

"ቀልድሽን ስነግራት ትስቅ ነበር። አንድ ቀን አምጫት እንጂ፣ ትለኝ ነበር።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?" ልላት ነበር። መልሱን አወቅኩት። መቼ ፋታ ሰጠኋት?

እናቷን ስታወራልኝ አመሸች። ሰማሁ። ማልቀሴን እንኳ ድምፄን ዋጥ አድርጌ ነው ያለቀስኩት።

ጥር 30

አንድ ሰፊ አንሶላ ብቻዬን ስታገል ሌላኛው ጫፍ ተነሳ። እታለም ናት። አራገፍን።

"ያ የሞተው ሰውዬ" አለች፣ "እህቶች ነበሩት አይደል? ጌታሽ ዘግይቶ ሲመጣ ምን አሉት?"

"ወቀሱት። እስካሁን የት ነበርክ ነው ነገሩ።"

"ደግ አደረጉ። እሱስ?"

"አለቀሰ።"

እጇ ቆመ። "ይኼን ያን ቀን አላነበብሽውም።"

"ዘለልኩት።"

ለሁለት አጠፍን። እየተራመድን መጣን። ጫፏን እጄ ላይ አስቀመጠች፣ ቶሎም አልለቀቀችውም። የምጨምረው ነገር ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር… ዋጥኩት።

ቀጣዩን አንሶላ አነሳን።