ለሆንግ ኮንግ ተደራዳሪዎች፦ ስለ አያ አዛናው ማሳ

ወረታ፣ ጥቅምት 9 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለክቡራን የእንግሊዝና የቻይና ተደራዳሪዎች፣ ባላችሁበት

የከበረ ሰላምታዬ ከፎገራ ሜዳ ይድረሳችሁ፤ ሁለት ዓመት በመቀመጥ የደነዘዘ ወገባችሁንም ያበርታላችሁ። እኔ ባለፈው ክረምት ከእርሻ ኮሌጅ ተመርቄ እዚህ የተመደብሁ፣ እሑድ እሑድ በማኅበሩ የውይይት ክበብ ለገበሬዎች የዓለም ዜና የማነብ ወጣት ነኝ። ሆንግ ኮንግን ከነሰዎቿ ከእንግሊዝ ወደ ቻይና ለማዛወር መስማማታችሁን ያነበብሁላቸውም እኔው ነኝ፤ ጥፋቱም የሚጀምረው ከዚያ ነው።

1ኛ. እዚህ የክረምት ውኃ ድንበሩን በደለል ይቀብረዋል። ውኃው ሲሸሽ አራሹ ጫማውን አውልቆ ከፊት ይሄዳል፤ የድሮውን ትልም በእግሩ ዳብሶ በቆመበት ላይ ሽማግሌዎች ችካል ይተክላሉ። አራሹ በሌለበት ችካል አይተከልም። እናንተ ግን ነዋሪውን ወደ ጠረጴዛው በመጥራት ሳታደክሙት ነገሩን ጨርሳችኋልና፣ እንዲህ ያለ ጊዜ ቆጣቢ አሠራር እስከ ዛሬ ባለማወቃችን አፍረናል።

2ኛ. ዜናውን ካደመጡት አንዱ የገበሬ ማኅበራችን ሊቀ መንበር ጓድ አምባው ነበሩ። ትምህርቱ ገብቷቸው በሳምንቱ ከጎረቤት ማኅበር ሊቀ መንበር ጋር ቢሮ ዘግተው ከአባሎቻቸው የአንዱን፣ የአያ አዛናውን ማሳ ለዚያኛው ማኅበር አዛወሩት። ባለ ማሳው የሰሙት ከይፋግ ገበያ ሲመለሱ ነው። ስለ ፈጣኑ ተማሪያችሁ እንኳን ደስ ያላችሁ።

3ኛ. የእናንተ ርክክብ ገና አሥራ ሦስት ዓመት ይቀረዋል። የአያ አዛናው ጓያ ግን እርጥበቱ ሳያልፍ በዚህ ሳምንት ካልተዘራ ስድስት ነፍስ ያለበት ቤት የሚበላው ያጣል። ይህን ለጓድ አምባው ባስረዳቸው፣ በትዕግሥት ሰምተው ዜና ማንበቤን እንድቀጥል አበረታቱኝ።

ባለፈው እሑድ አያ አዛናው ከኋላ ተነሥተው፣ «ልጄ፣ የዚያ አገር ሰዎች እግር የላቸውም ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። በአራት ዓመት ትምህርቴ መልሱን አላገኘሁትምና፣ እስከ ነገ ወዲያ ብትልኩልኝ ውለታችሁን አልረሳም።

ማኅተማችሁን እያደነቀ፣ ጫማውን ለማውለቅ የተዘጋጀው ትሑት አንባቢያችሁ፣

ማረው አንለይ

ግልባጭ፦ ለጓድ አምባው፤ ለንደንና ፔኪንግ የሚያደርስ ቴምብር ስለታጣ በውይይት ክበቡ ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል።

ማስታወሻ፦ ሁለቱ ሊቃነ መናብርት ያለ አራሹ የተከሉት ችካል ያረፈው የርብ ወንዝ ሲሞላ በሚያልፍበት ቦይ ላይ ነበርና፣ የማክሰኞው ዝናብ ወስዶታል። አሁን ጫማቸውን እንዳጠለቁ ደለሉ ውስጥ ድንበር ይፈልጋሉ። አያ አዛናው ዘራቸውን በአቁማዳ ይዘው፣ ባዶ እግራቸውን ዘርግተው፣ ማዶ ተቀምጠዋል፤ እስካሁን የጠየቃቸው የለም።