ልጄን በአንድ ሰዓት ሥራ ላስያዟት የጥናት ኃላፊ

ለተከበሩ የትምህርት፣ የሥራና የቱሪዝም ስታቲስቲክስ ጥናት መሥሪያ ቤት ዋና ኃላፊ፤

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለጤንነትዎ፣ ለቤተሰብዎና አንዴ ከወጣ መውረድ ለማያውቀው መቶኛዎ ያለኝን መልካም ምኞት በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ። እኔ ከትልቁ ሆስፒታል ፊት ለፊት ስምንት ክፍል ያላት የእንግዳ ማረፊያ የማስተዳድር ባልቴት ነኝ። ትምህርቴ ከስምንተኛ ክፍል አላለፈምና በቁጥር ነገር ብሳሳት እንደ ልማድዎ ከሒሳቡ አውጥተው ይጣሉኝ። በአደባባይ መጻፌም ድፍረት ሆኖ እንዳይታይብኝ፤ በቢሮዎ በኩል የላክኋቸው ሦስት ማመልከቻዎች እስካሁን «በሂደት ላይ» ስለሆኑ፣ እነሱን ከመንገድ ላለማዘግየት ብዬ ነው።

አንደኛ። ትልቋ ልጄ ከቱሪዝም ማሠልጠኛው በአስጎብኚነት በማዕረግ ተመረቀች። አብረዋት የተመረቁት እሷን ጨምሮ አርባ ነበሩ። ዓመት ሲሞላት ከመሥሪያ ቤትዎ ተደወለና ባለፈው ሳምንት ውስጥ ቢያንስ አንድ ሰዓት ሠርታ እንደሆነ ተጠየቀች። ልጄን መዋሸት ሳላስተምር ማሳደጌ የእኔ ጥፋት ነው፤ የቤታችንን አንሶላ አጥቤ አስጥቻለሁ ብላ መለሰች። ጠያቂው ቤቱ የእንግዳ ማረፊያ መሆኑን ሲሰማ ደስ ብሎት «በሠለጠነችበት ሙያ ተሰማርታለች» ብሎ መዘገባት። የወለድኳት እኔ፣ የቀጠሯት እርስዎ፤ ለዚህ ውለታ እስከ ዛሬ ሳላመሰግን መቆየቴን ይቅር ይበሉኝ።

ከአርባዎቹ ስልክ ያነሱት ሃያ አምስት ነበሩ፤ ከነሱ ውስጥ ያችን አንድ ሰዓት ሠርተናል ያሉት ሃያ ሦስት። ዘጠና ሁለት በመቶ ሆነ። ያላነሱት አሥራ አምስቱ እንዳልተወለዱ ተቆጠሩ። የመሥሪያ ቤትዎን ጓዳ እንዴት እንዳወቅሁ ወደ ታች እነግርዎታለሁ።

በዚያው ሰሞን የነርስ ማሠልጠኛው ሥራ ላጡ ምሩቃን ቦታ ከፈተ። ልጄ በሽተኛ ደግፋ አስፋልት ስታሻግር ያደገች ናትና ልቧ ወደዚያ ከሄደ ቆይቶ ነበር። ፈተናውን አለፈች። ለምዝገባ ስትቀርብ ግን መነጽራሙ መዝጋቢ ኮምፒውተሩን አየና፣ «እህቴ፣ አንቺ እኮ ሥራ አለሽ» አላት። የለኝም አለችው። አለሽ አላት። በመጨረሻ፣ «እንግዲያው የት እንደሆነ ንገረኝና ልግባ» ብላው ወጣች። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሲባል እሰማ ነበር፤ ኮምፒውተር ከሁለቱም እንደሚብስ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።

ሁለተኛ። በየወሩ ከቢሮዎ በሚመጣልኝ ቅጽ ላይ ስንት እንግዳ ስንት አዳር እንዳደረና ለምን እንደመጣ እሞላለሁ። የመምጫው ምክንያት ሦስት ነው፤ ለመዝናናት፣ ለንግድ፣ ለስብሰባ። የእኔ እንግዶች ደግሞ አስታማሚዎች ናቸው። አባቱን አስተኝቶ የመጣ፣ ሚስቱ ምጥ የጠናባት፣ የልጇን እግር ይቆረጥ አይቆረጥ ሲሉ የምትጠብቅ። ባዶውን ብልከው ሠራተኛዎ በቀይ እስክሪብቶ «ባዶ መተው አይፈቀድም» ብሎ መለሰልኝ። ስለዚህ ሁሉንም አዝናናኋቸው።

አምና ያ ክፉ ትኩሳት ሲገባ ክፍሎቼ ሞልተው ሰው በኮሪደር ተኛ። በዓመቱ መጨረሻ ያወጡት ጥናት የአገር ውስጥ ቱሪዝም በሲሶ ማደጉን አበሠረን፤ ምክንያቱም የምሩቃኑ የአገልግሎት ጥራት ነው ተባለ። የትምህርቱና የጎብኚው መስመር ተቃቅፈው ወደ ላይ ሲወጡ የሚያሳየውን ሥዕል ጋዜጣ ላይ አየሁት፤ እውነትም ያምራል። ማሠልጠኛውም በዚያ ሥዕል ተበረታትቶ የሚቀበላቸውን ተማሪዎች እጥፍ አደረገ። ሬሳ ሲሸኙ የከረሙት እንግዶቼ ለትምህርት ዕድገት ይህን ያህል ማዋጣታቸውን አለማወቃቸው ያሳዝናል።

የሚቀጥለውን ሦስተኛ አልለውም፤ ቁጥር የተሰጠው ነገር እርስዎ ዘንድ ሲደርስ የሚሆነውን አይቻለሁና።

ሁለተኛውን ዙር ጥናት ሲጀምሩ ልጄን ለአንድ ወር በስልክ ጠያቂነት ቀጠሯት። ይህኛው እውነተኛ ቅጥር ስለነበር ቤታችን በደስታ ተሞላ። የደረሳት የስም ዝርዝር የራሷ ጓደኞች ሆነ። ከነሱ አንዱ የከተማውን ጉራንጉር ሁሉ በቃሉ የሚያውቅ፣ በክፍላቸው አንደኛ የሚወጣ፣ «ካርታ» ብለው የሚጠሩት ልጅ ነበር። ስትደውል ያነሳችው እናቱ ናት። ልጄ ከየት እንደምትደውል ስትነግራት ሴትዮዋ፣ «ሥራ ተገኝቶለት ነው የደወልሽው፣ ልጄ?» አለቻት።

ካርታ የቀን ሥራ ይዞ ለልስን ሠራተኞች ሲሚንቶ ሲያመላልስ ከአራተኛ ፎቅ ወድቆ ከሞተ ሦስት ወሩ ነበር።

ኮምፒውተሩ ላይ አራት ሳጥን አለ፤ ተቀጥሯል፣ አልተቀጠረም፣ በትምህርት ላይ ነው፣ አልተገኘም። ልጄ የቱን እንደምትሞላ ግራ ገብቷት ተቆጣጣሪዋን ብትጠይቀው፣ «አልተገኘም በይው፤ ውሸት አይደለም» አላት። የሰውየው ትክክለኛነት ያስቀናል። እሷ ግን አስተያየት በሚለው ቦታ ላይ መሞቱን ጻፈች፣ ከእናትየዋም ጋር አርባ ደቂቃ ቆየች። ለአንድ ሰው የተፈቀደው አራት ደቂቃ ነው። በማግሥቱ አሰናበቷት።

በዚያ ዙር ስልክ ያነሱት ሃያ፣ ሠርተናል ያሉት አሥራ ዘጠኝ። ዘጠና አምስት በመቶ። ልጆቹ በጠፉ ቁጥር ውጤቱ ይሻሻላልና ለካርታም ዕድሜውን ሙሉ ሲፈልገው የኖረውን ለአገር የመጥቀም ዕድል ከሞተ በኋላ ሰጡት። ያ «አልሠራሁም» ያለው አንድ ግትር ልጅም እንደሱ ቢወድቅልዎ ኖሮ መቶ ይሞላልዎ ነበር።

ባለፈው ወር ደግሞ እርስዎ ራስዎ መጡ። መታወቂያዎን ስመዘግብ ማን እንደሆኑ አወቅሁ፤ እርስዎ እኔን ሊያውቁኝ አይችሉም። እናትዎን ሆስፒታል አስተኝተው ስድስት ቁጥር ክፍል ውስጥ ሦስት ሌሊት አደሩ። ልጄ ሙቅ ውኃ በፔርሙስ ስታደርስልዎ፣ ደም የሚሰጥበትን መስኮት ስታሳይዎ፣ የትኛውን ሐኪም ደጅ መጥናት እንዳለብዎ ስትነግርዎ ሰነበተች። በሦስተኛው ቀን ጠዋት የእናትዎን ጫማ በፌስታል ይዘው ተመለሱና ግቢው መሐል ቆሙ።

እኔ ሁለት ዓመት ያጠራቀምኩትን ቃል ሁሉ አፌ ላይ አድርጌ በር ላይ ቆሜ ነበር። ልጄ በአጠገቤ አልፋ ወንበር አወጣችልዎ፤ ከጎንዎም ተቀመጠች። ሥራዋ ምን እንደሆነ ጠየቋት። እዚሁ እንደምትሠራ ነገረችዎ። እርስዎም፣ «ተመስገን ነው፤ ሥራ ካለሽ ምን ጎደለሽ» አሏት።

ይህን ደብዳቤ እንዳልጽፍ ለምናኝ ነበር። «እማዬ፣ ተዪው፤ እናቱ ሞታበታለች» አለችኝ። የካርታም እናት ልጇ ሞቶባታል አልኳት። ከዚያ ወዲህ አኩርፋኛለች፤ እሷ ግቢ ስታጥብ እኔ ኩሽና እገባለሁ። ምናልባት ከሁለታችን ደግ እሷ ትሆናለች። እኔ ግን ደግነትን ሞልቼ የምልክበት ሳጥን አልተሰጠኝም።

ልመናዬ አንድ ብቻ ነው። የነርስ ማሠልጠኛው ምዝገባ በዚህ ወር መጨረሻ ይዘጋል። እባክዎ ልጄን ሰጥተዋት ከማያውቁት ሥራ በደብዳቤ ያሰናብቱልኝ። ሥራ አጥ ያድርጓት፤ የቀረውን እሷ ታውቅበታለች።

ጊዜዎን ስለወሰድኩ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ የምነሳ፣ በመዝገብዎ «የዘርፉ ባለሀብት» ተብዬ የተጻፍኩ፣

የስምንት ክፍል አስተዳዳሪና የአንዲት ተቀጣሪ እናት

ድኅረ ጽሑፍ፦ የቆይታዎን ቅጽ በወቅቱ ሞልቼ ልኬያለሁ። የመጡበት ምክንያት ለመዝናናት፣ አዳር ሦስት። ከሥር «እንግዳው ተመልሶ የመምጣት ዕድሉ ምን ያህል ነው?» ይላል፤ አባትዎ በሕይወት እንዳሉ ስላጫወቱኝ «ከፍተኛ» የሚለው ላይ ምልክት አድርጌያለሁ።