ስለ ሳሎንዎ ወለል መጋጠሚያ የእርጎ ቀለም

መካነ ሰላም፣ ጥቅምት 1967 ዓ.ም.

ለተከበሩ የእርዳታ አስተባባሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ? ቤተሰብዎ፣ በቅሎዎ፣ በተለይም የሳሎንዎ ወለል ዓፊያ ነው? እኛ መልካም ፈቃድዎ ሳይለየን ደህና ነን፤ ያለነው ማለቴ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ከባድ ጉዳይ ለሕዝብ በታላቅ ትሕትና አስታውቃለሁ፦ በሳሎንዎ ወለል በነጩ የሸክላ ንጣፍ መካከል የተሞላው የሲሚንቶ መጋጠሚያ፣ ባለፈው ማክሰኞ ስብሰባ ላይ አጎንብሼ እንዳረጋገጥኩት፣ ልክ እንዳዘዙት የእርጎ ቀለም ሆኗል። በዚያው ስብሰባ አዲሱን የካኪ ልብስዎን ለብሰው፣ በ1965 ረሃብ የእርዳታ እህሉ ያልደረሰው የጭነት መኪናዋ ተበላሽታ እንደሆነ ከአዲስ አበባ ለመጡት መርማሪዎች በተሰበረ ድምፅ ሲያስረዱ፣ ዓይኔን ከወለሉ ማንሣት አልቻልኩም። ስለዚህ ቅሬታዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. በሚያዝያ 1965 ግንበኛው አራጌ መጋጠሚያውን ሞልቶ ገና ሳይደርቅ ከደጅ ገብተው «አመድ መስሏል!» በማለትዎ። አራጌ «ጌታዬ፣ እርጥብ ሆኖ ነው፤ እስከ ነገ ወዲያ ይታገሡኝ፣ ሲደርቅ ይነጣል» ቢልዎት፣ ሃያ ዓመት ሲሚንቶ እጁን የላጠውን ሰው ትተው፣ ከብዕር በቀር መሣሪያ ጨብጦ የማያውቀውን እኔን ጸሐፊዎን «አንተስ ውበቱ፣ ምን ይመስልሃል?» ብለው ስላከበሩኝ አመሰግናለሁ። እኔም አራጌ እውነቱን እንደሆነ እያወቅሁ «ጠቁሯል ጌታዬ፣ እንዲያውም በጣም ጠቁሯል» አልኩ።

2ኛ. ኩታበር መጋዘን የተቀመጠውን የእርዳታ ስንዴ ልታመጣ ነዳጅ ሞልታ የቆመችው የጭነት መኪና፣ ሌላ ነጭ ሲሚንቶ ፍለጋ ደሴ በመላኳ። ስትሄድም ስትመለስም በመጋዘኑ በር አልፋለች። ስትመለስ ስንዴውን እንዳትጭን የከለከሉት የእህል አቧራ ሲሚንቶውን እንዳያቆሽሸው ብለው መሆኑን፣ ትእዛዙን የጻፍኩት እኔ ነኝና ለጥንቃቄዎ ምስክር ነኝ።

3ኛ. ይህኛው ቅሬታ በእርስዎ ላይ ይሁን በእኔ ላይ ለመለየት ተቸግሬአለሁ። ከከላላ ገጠር ከባሏ ጋር በእግሯ የመጣች አልታዬ የምትባል ሴት፣ ከግቢዎ አጥር ሥር ተቀምጣ በየጧቱ «አያ ውበቱ፣ መኪናዋ መቼ ትገባለች?» ስትለኝ «ነገ» እላት ነበር። መኪናዋ ደሴ በሄደች በአራተኛው ቀን ባሏ መነሣት አቃተው። በስድስተኛው ቀን መኪናዋ ገባች። ጆንያው ሲራገፍ ነጭ ብናኝ ሲቦን ያየ ሁሉ፣ መቆም የቻለው ሁሉ፣ ተነሣ። አልታዬ ነጠላዋን ዘርግታ መጣችና «ዱቄት ነው?» አለችኝ።

«አይደለም እቴ፣ የወለል ነው» አልኳት።

ነጠላዋን ቀስ ብላ አጠፈችና «ወለሉም ርቦታል እንዴ?» አለች።

ባሏ በማግሥቱ ተቀበረ። እኔም መቃብሩ ዳር ቆሜ ነበር፤ ያ ነጭ ብናኝ ከጫማዬ ላይ አልተራገፈም ነበር።

4ኛ. በነዚያ ስድስት ቀናት የአራጌ የመጀመሪያ ሥራ ማንም ሳይነካው ደርቆ፣ ነጥቶ፣ እርጎ መስሎ ተገኘ። አዲሱ ሲሚንቶ ሳይፈታ ቀረ። ከዚያ ውስጥ አንዱን ጆንያ ለታማኝነቴ ስለሸለሙኝ ውለታዎ አይረሳኝም፤ የቤቴን ደጃፍ ለስኜበታለሁ። ሚስቴ ሐረግ ግን እስከ ዛሬ ዘላው ታልፋለች እንጂ አትረግጠውም። ምክንያቱን ጠይቄያት አላውቅም።

ለወለልዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለካኪዎ የማይለቅ ቀለም እየተመኘሁ፣ በጃንሆይም ዘመን በአብዮቱም ዘመን ከዚያችው ወንበር ያልተነሣሁ ታዛዥ ጸሐፊዎ፣

ውበቱ በላይ

ግልባጭ፦ ለመርማሪዎቹ፤ እንዲሁም በገበያው በር ተለጥፎ፣ በዚያ ለሚያልፍ ሁሉ።

የተረሳ ነገር፦ መርማሪዎቹ ነገ ተመልሰው ሲመጡ ሳሎኑን እንዳያሳጥቡት በትሕትና እመክራለሁ። ሲረጥብ አመድ ይመስላል።

ማረሚያ፦ በሚያዝያ 1965 ዓ.ም. በእጄ በተጻፈው ሪፖርት «መኪናዋ በብልሽት ምክንያት ስድስት ቀን ቆማለች» የተባለው፣ «መኪናዋ ነጭ ሲሚንቶ ልታመጣ ደሴ ሄዳ ነበር፤ ጸሐፊውም ያውቅ ነበር» ተብሎ ይታረም።