የጉድጓዳችን ውሃና የእማዬ መዳፍ

ለምወድሽና ለምናፍቅሽ እታለሜ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽስ ተሻለሽ? ባለቤትሽን ያ የሌሊት ሥራ አላከሳውም? ልጆቹስ ዛሬም ጫማ አልበቃቸው እያለ ያስቸግሩሻል? እኛ ደህና ነን፤ ደህና ነን ስልሽ ደግሞ እንደ ወትሮው ለወጉ ያህል ሳይሆን በላብራቶሪ ተረጋግጦ ነው። እማዬ ታማለች የሚል ወሬ ደርሶሽ ስታለቅሺ እንደሰነበትሽ ሰምቻለሁና ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ።

ክረምቱ ሊያልቅ ሲል አንዲት የውሃ መርማሪ በየቤቱ እየዞረች የጉድጓድ ውሃ በጠርሙስ ቀድታ ወሰደች። የኛው ውስጥ አርሰኒክ የሚባል መርዝ ተገኘ። ከመሬት ሥር ካለው ድንጋይ እየሟሟ የሚገባ ነው አለችን፤ ሽታ የለው፣ ጣዕም የለው፣ ቀለም የለው። እማዬ እኔ እኮ አፍልቼ ነው የማጠጣቸው ብትላት፣ ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ይህን አያስወጣም፣ እንዲያውም ውሃው ተኖ ሲያንስ መርዙ ይበረታል አለቻት።

ጉዳቱ የሚገመተው ግን በውሃው ብቻ አይደለም፤ ማን፣ በቀን ምን ያህል፣ ለስንት ዓመት ጠጣው ተብሎ ነው። ስለዚህ ሳሎን ቁጭ ብላ ሁላችንንም ትጠይቀን ጀመር። አባባ ዕድሜ ልካቸውን ጉድጓድ ሲቆፍሩ የኖሩ ሰው፣ በገዛ እጃቸው የቆፈሩት ጉድጓድ ውሃ ሲታማ ደማቸው ፈላ። በቀን አራት ጆግ እጨርሳለሁ፣ ይኸው እንደ በሬ ጠንካራ ነኝ አሉ። እማዬ አፏን ልትከፍት ስትል ደግሞ ቀደም ብለው፣ እሷማ ውሃ አትወድም፣ ከንፈሯን ብታርስ ነው ብለው መለሱላት። እማዬም ተነስታ ስኒዎቹን ትሰበስብ ጀመር። መቼም ታውቂያታለሽ።

በዚህ ስሌት የሚያሰጉት አባባ ሆኑና ለሽንት ምርመራ ተላኩ። ውጤታቸው ንጹሕ ሊባል ምንም አልቀረው። መርማሪዋ ግራ ተጋባች። ሲጨንቃቸው አባባ አንገታቸውን ደፍተው፣ ቀኑን ሙሉ ገበያ መሃል ልብስ ሰፊው ወዳጃቸው ዘንድ በቧንቧ ውሃ የተፈላ ሻይ ሲጠጡ እንደሚውሉ ተናዘዙ። አራቱ ጆግ ጉራ ነበር።

ያኔ መርማሪዋ ወደ እማዬ ዞራ፣ እርስዎስ እናቴ አለቻት። ከግቢ የማትወጣው፣ ሲጠማት ከዚያ ጉድጓድ በቀር ሌላ የሌላት እሷ ናታ! መዳፏን ገልብጣ ብታይ እንደ ኪንታሮት የጠነከሩ ነጠብጣቦች አገኘች። ሁላችንም የልብስ አጠባ ነው እንል አልነበር? ተመረመረች፤ መርዙ ከፍ ብሎ ተገኘ።

ሐኪሙ ግን መርዙ ቆዳዋን እንጂ የውስጥ አካሏን ገና አልጎዳውም፣ ውሃውን ዛሬውኑ ይተዉት አለን። በሰፈሩ ንጹሕ ሆኖ የተገኘው ደግሞ የማን ጉድጓድ መሰለሽ? የጎረቤታችን የግንበኛው! አባባ ጉድጓዱን የእንቁራሪት አልጋ እያሉ ሲያላግጡበት ሰላምታ እስከ መቋረጥ የደረሱበት። ውሃውን ለመቅዳት እኔ ልሂድ ብል አባባ እምቢ አሉኝ። ጀሪካናቸውን አንጠልጥለው ራሳቸው ሄዱ። ግንበኛው እንደነገረኝ፣ ደህና ዋልክ እንኳ ሳይሉ፣ ያንተ ጉድጓድ ከኔ ይሻላል፣ ለሚስቴ ውሃ ስጠኝ አሉት። እሱም ጀሪካኑን ተቀብሎ ቀዳላቸው። አሁን ከዚያ ካልቀዱ አይነጋላቸውም፤ ሁለቱ ሽማግሌዎች ጉድጓዱ አፍ ላይ ሲከራከሩ ያረፍዳሉ።

ትናንት የእማዬ ሁለተኛ ውጤት ወጣ፤ መርዙ ከግማሽ በታች ወርዷል። የመዳፏ ነገር ጊዜ ይወስዳል፣ እየመጣች ትታይ ተብለናል። ሐኪሙ ሌላ የሚሰማዎት ነገር አለ ወይ ብሎ ሲጠይቃት አባባ አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ኮርኒሱን አዩ። እማዬ ዞር ብላ አየቻቸው፤ ጠበቀች፤ የሚመልስላት ሲጠፋ ጉልበቷን፣ እንቅልፏን፣ ጆሮዋን፣ የስንት ዓመቱን ሁሉ ትዘረግፈው ጀመር። ሐኪሙ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ። ትልቋን ግንባሯን፣ መንትዮቹን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ። ባለቤቴ በጣም ትናፍቅሻለች። አባባ እግዜር ይባርክሽ ብለውሻል። የእማዬን ሰላምታ ግን እኔ አልጽፍልሽም፤ ደውይና ራሷ ትንገርሽ።

ታናሽ ወንድምሽ
ከቤታችን በረንዳ
እሁድ፣ ጥቅምት 14