«ደራሽ»ን ለሦስት ከተማ የሰጡት የአቶ ውብአየሁ ዳኜ የሕይወት ታሪክ

አቶ ውብአየሁ ሚያዝያ 14 ቀን 1963 ዓ.ም. ከአባታቸው ከአቶ ዳኜ ምትኩ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ አበቡ ሽፈራው ሰበታ ላይ ወደዚህ ዓለም መጡ። የአክስታቸው ልጅ የሆንኩት እኔ ወንዲ በአሥራ አንድ ቀን ቀድሜያቸዋለሁ፤ ይህ እንዲመዘገብልኝ እፈልጋለሁ። ከዚያ በኋላ የቀደምኩባቸውን ነገር ሰው ሲያነሳ ሰምቼ አላውቅም።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚያው ሰበታ፣ ከእኔ ጋር በአንድ ዴስክ ተቀምጠው ተከታትለዋል። በየዓመቱ አንደኛ የወጡት እሳቸው ሲሆኑ፣ መልሱን ሹክ እያልኩ ለዚህ ያበቃኋቸው እኔ መሆኔን መምህራኑ በሕይወት ቢኖሩ ይመሰክሩ ነበር።

በ1990 ዓ.ም. በከተማችን የመጀመሪያውን፣ በአገር ደረጃም ምናልባት ሦስተኛውን የኮምፒውተር ማሠልጠኛ ከፈትኩ። አቶ ውብአየሁ ማውዝ የጨበጡት እዚያ ነው። ስድስት ወር ሳይሞላቸው የተበላሸውን ሁሉ የሚጠግኑት እሳቸው ሆኑ፤ ተማሪዎቹም «ጋሼ ውብአየሁን ጥሩልን» ማለት ጀመሩ። እኔን «ወንዲ» ነበር የሚሉኝ። ዛሬም ወንዲ ነኝ።

በ1994 ዓ.ም. ከወ/ሮ ዱርሲቱ ቱፋ ጋር ጋብቻ መሥርተው ኤዶምንና ቢንያምን አፍርተዋል። ወ/ሮ ዱርሲቱን እዚያው ሰበታ፣ ፉሪ ታክሲ ተራ ላይ መጀመሪያ ያየኋቸው እኔ ነበርኩ። «አካም ጅርቱ» ብለው ሰላም ያሏቸው ግን እሳቸው ናቸው።

ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በአንድ የመንግሥት ጽሕፈት ቤት በመዝገብ ቤት ሠራተኛነት አገልግለዋል። በዚያ ዘመን እኔ ፕሮግራም በሲዲ ገልብጬ እሸጥ ነበር። እሳቸው ደግሞ ኦፕን ሶርስ የሚባለውን፣ ማንም በነጻ ወስዶ፣ ውስጡን ከፍቶ አይቶ እንደ ሥራው የሚቀይረውን ሶፍትዌር አመጡብኝ። በዚያው የመዝገብ ቤቱን ፋይል ሁሉ ስም ሲጻፍ የሚገኝ አደረጉት፤ ባለጉዳይ «ነገ ተመለስ» ሳይባል በአምስት ደቂቃ ጨርሶ ይወጣ ጀመር። ለሌሎች መሥሪያ ቤቶችም እንዲሁ አካፈሉ። የሲዲ ንግዴ በዚያው ሞተ፤ ለቅሶ የደረሰኝ ሰው የለም።

በ2009 ዓ.ም. ለፉሪው እድራችን «ደራሽ»ን ሠሩ። ሰው ሲያርፍ ስሙ ይገባል፤ ወዲያው መርዶው በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ በአባላቱ ስልክ ይደርሳል፤ የድንኳን ተረኛውም ይታወቃል። የመልእክቱን ቃል ያረቀቅሁት እኔ ነኝ፤ ያነበበ ሁሉ ያለቅሳል። የቡራዩና የሱሉልታ እድሮች ሲጠይቁ «ውሰዱት፤ ካሻሻላችሁት ደግሞ ለእኛም ስጡን» ብለው ከነአሠራሩ ሰጧቸው። «ኧረ ቢያንስ ስማችን ይጻፍበት!» አልኳቸው። «ጻፋ» አሉኝ። የእኔን ብቻ ጻፍኩ።

አሁን እስከ ዛሬ ያልተነገረውን ልንገራችሁ። በየካቲት 2011 ዓ.ም. አቶ ውብአየሁ ለሥራ ሱሉልታ ሄደው ሳለ የእድሩ ቢሮ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። ያ ያማረ መልእክት በእኔ ስም እንዴት እንደሚነበብ ማየት አማረኝ። የሟች ስም በሚለው ቦታ «ታላቁ የኮምፒውተር ሊቅ አቶ ወንድወሰን» ብዬ ሞላሁ። «ላክ» የሚለውን ስነካ የሚያሳየኝ እንጂ የሚልክ አልመሰለኝም። ዘግቼ ለምሳ ቤቴ ሄድኩ።

ምሳዬን ሳልጨርስ ግቢዬ በሦስት ሺህ ለቀስተኛ ተሞላ። አስከሬን ፊት ነውና ላስተካክል፤ ስልሳ ሰባት ነበሩ፣ ቆጥሬያቸዋለሁ። የእድሩ ዳኛ ኦቦ ጌዲ የድንኳን ብረት ተሸክመው በሬን አንኳኩ። ከፈትኩ። «አንተ ሰውዬ! ሞተህ በር ትከፍታለህ እንዴ?» አሉኝ።

አቶ ውብአየሁን ሱሉልታ ድረስ መርዶዬን ያረዳቸው የራሳቸው «ደራሽ» ነው። አመኑት። ሦስት ታክሲ ቀያይረው፣ ላፕቶፓቸውን ሁለተኛው ላይ ረስተው፣ ከሰው የተዋሱትን ነጠላ ዘቅዝቀው ደረሱ። ተቀምጬ ሲያዩኝ «አለህ?» አሉ።

ኮሚቴው ሲሰበሰብ ኦቦ ጌዲ «ይሄን ሰው ማነው የገደለው?» ብለው ጠየቁ። «ፕሮግራሙ ነዋ! የነጻ ነገር እንዲህ ነው» አልኩ። ሰው ሁሉ አንድ ጊዜ እንኳ ፊቱን ሲያዞርባቸው ሳይ ደስ ብሎኝ ነበር። አቶ ውብአየሁ ኮምፒውተሩን ከፍተው ጥቂት አዩና «ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ። ከእድሩ ጸሐፊነት ተነሡ፤ «ደራሽ»ም ቆሞ የጥሩምባ ለፋፊው ተመለሰ። በሰፈሩ «በቁም ገዳዩ» የሚል ስም ወጣላቸው፤ ካወጡት አንዱ እኔ ነኝ። ከሁለት ዓመት በኋላ እድሩ «ይቅር ብለናል» ብሎ ከነ«ደራሽ» ቢመልሳቸውም፣ ስሙ ግን አልለቀቃቸውም።

ትናንት ድንኳኑ ውስጥ የቡራዩ እድር ጸሐፊ አቶ ኤልቃና አጠገቤ ተቀመጡ። ያኔ ለፍተሻ ፕሮግራሙ ከነመዝገቡ ደርሷቸው ነበር። ከፍተው ሲያዩ ስህተት አላገኙበትም፤ መርዶውን ማን በስንት ሰዓት እንደላከው ግን ተጽፎ አገኙ፦ ወንዲ፣ 6፡42። ደውለው ቢነግሯቸው አቶ ውብአየሁ «እኔም የዚያኑ ዕለት አይቼዋለሁ። በሰው ፊት ከሚያፍር እኔ ልታማ» አሏቸው።

ስለዚህ በዚህ ሁሉ ሕዝብ ፊት ይነበብልኝ፤ በ2011 ዓ.ም. ወንዲን የገደለው ወንዲ ነው። አቶ ውብአየሁ ማንንም በቁሙ አልገደሉም። ያ ስም ከእሳቸው ላይ ይነሣ፤ የሚፈልገው ካለ ለእኔ ያውጣው።

ወደ እድሩ ከተመለሱ ወዲያ «ደራሽ» ላይ የጨመሩት አንድ ነገር ብቻ ነው። መርዶ ከመላኩ በፊት ከላኪው ሌላ አንድ የኮሚቴ አባል «ሟቹን በዓይንዎ አይተዋል?» ተብሎ ይጠየቃል።

አቶ ውብአየሁ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኩላሊት ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም. ጠዋት በተወለዱ በ54 ዓመታቸው አርፈዋል። ባለቤታቸው ወ/ሮ ዱርሲቱ፣ ልጆቻቸው ኤዶምና ቢንያም፣ እኔም ቀርተናል።

ያን ጠዋት ጥያቄው የመጣው በእኔ ስልክ ነው። አጠገባቸው ነበርኩ። «አዎ» የሚለውን ለመንካት አርባ ደቂቃ ፈጀብኝ፤ ይህን ቁጥር አላጋነንኩም።

ከዚያ ሰበታም፣ ቡራዩም፣ ሱሉልታም መጣ። ዛሬ የመጣውን ሰው መቁጠር ጀምሬ፣ ስልሳ ሰባትን ሲያልፍ ተውኩት።

ያላቸውን ለማንም ሳይዘጉ እንደኖሩ፣ ፈጣሪ በሩን ለነፍሳቸው ይክፈትላቸው። እኛንም ያጽናን።