ስለጠየቅከኝ የአባባ ሻርፕ

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ፣

እንደምን ሰነበትክ? ባለቤትህስ፣ ልጆቹስ ደህና ናቸው? የለንደን ኑሮ አሁንም ፋታ እንደነሳህ ነው? እኔ አለሁ። ጉልበቴን ያመኛል፣ የባሕሩ ነፋስ ሲነሳ ደግሞ ይብስብኛል፤ ቢሆንም እየተነሳሁ እሄዳለሁ።

ስልክ ስትደውል የማላነሳው ሳልሰማ ቀርቼ አይደለም። ድምፅህን ከሰማሁ መሳደቤ ስለማይቀር ነው። በወረቀት ሲሆን ቢያንስ የከፋውን እሰርዛለሁ። የላክህልኝ ካርድ ደርሶኛል። ለቀብሩ መምጣት ባለመቻልህ እንዳዘንክ፣ ሥራ እንደያዘህ፣ ለማስታወሻም ያንን እማማ በእጇ የሠራችለትን ሰማያዊ ሻርፕ በፖስታ እንድልክልህ ጽፈሃል። ሻርፑ እኔ ጋ የለም። የት እንደገባ ልንገርህ፣ ከዚያ የፈለግከውን በል።

አባባ ኳስ ሜዳ የወጣባትን የመጨረሻዋን ቅዳሜ ታስታውሳለህ? ምን ታስታውሳለህ፣ አልነበርክ! ሐሙስ ዕለት ደውለህ፣ ጨዋታው ከማርሽቶን ጋር ነው አይደል፣ መጥቼ ከአባባ ጋር አብረን እናያለን፣ ንገሪው አልክ። እኔ ጅሏ ነገርኩት። የመርሳት በሽታው ሁሉን ጠርጎ ሲወስድበት ይህችን ብቻ ተወለት። ቁርሱን መብላት አለመብላቱን የማያውቅ ሰው፣ ቅዳሜ ጠዋት ሻርፑን ጠምጥሞ፣ ከዘራውን ይዞ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ልጄ ይመጣል፣ ቶሎ በይ እንጂ አንቺ ሴትዮ፣ አለኝ።

ሜዳው እንደተውከው ነው። ነፋሱም ያው ነው፤ ኳሱን ወደ ካራቫኖቹ፣ ወደ ተጎታች ቤቶቹ ይወስደዋል፣ ጨዋታው ይቆማል፣ አንዱ አጥር ዘሎ ያመጣዋል። ዶሪን ከሻይ መሸጫዋ መስኮት አንገቷን አውጥታ አባባን፣ ዊልፍ፣ ምነው ዛሬ ሙሽራ መሰልክ? አለችው። ልጄ ይመጣል አላት። ወዲያው ወደ እኔ ስታይ ፊቴን አዞርኩ። መልእክትህ ስልኬ ላይ ገብቶ ነበር። ሥራ ያዘኝ፣ በሌላ ቅዳሜ፣ ይላል። በምን አፌ ልንገረው? አልነገርኩትም።

በመጀመሪያው አጋማሽ እንደ ወትሮው በባሕሩ በኩል ካለው ጎል ኋላ ቆምን። ፖስተኛው ባሪ ነው በረኛችን። አንዲት እንደ ኤሊ የምትንፏቀቅ ኳስ በወዲያኛው ጎል በእግሮቹ መሃል ስታልፍ፣ ከአጠገባችን አንዱ፣ ባሪ! ደብዳቤ ሲሆን ሳምንት ታቆየናለህ፣ ጎል ሲሆን ወዲያው ታስገባለህ! ብሎ ጮኸ። አባባ እስኪያስለው ሳቀ። ከሳቀ ስንት ጊዜው ነበር መሰለህ።

እረፍት ሲሆን የእኛ ሰው ሁሉ፣ መቼም ታውቀዋለህ፣ ሻዩን ይዞ ቡድናችን ወደሚያጠቃበት በመንገዱ በኩል ወዳለው ጎል አቀና። አባባ ዕድሜውን ሙሉ ጎል ሳይቀይር የቀረበት ቀን የለም። ያን ቀን ግን የብረቱን አጥር ጨብጦ አልንቀሳቀስም አለ። ምነው? ስለው፣ ልጄን ከጠፋህ እዚህ ጎል ኋላ ቆመህ ጠብቀኝ ብዬዋለሁ፤ እኔ ሄጄ እሱ ቢመጣስ? አለኝ። ትዝ ይልሃል? ትንሽ ልጅ ሆነህ የጠፋህ ጊዜ ነው። ያኔ ሮጬ ፈልጌ፣ ከረሜላህን እየበላህ ያገኘሁህ እኔ ነበርኩ። ያንን ግን አባባ አያስታውስም።

የማርሽቶን ደጋፊዎች ቢጫ ለብሰው እየዘፈኑ መጡና ከበቡን። ኧረ ጉድ ነው፣ ሽማግሌው ከዳ! አባት፣ ቢጫ ሻርፕ እንስጥዎት? እያሉ ሳቁ። ከመካከላቸው አንድ ወፍራም ሰውዬ የሥጋ ፓይ እየገመጠ አጠገባችን ቆመ። አባባ ዞሮ ብዙ አየው፣ ብዙ። ከዚያ ክንዱን ያዘና፣ መጣህ? ምነው እንዲህ ቆየህ? አለው።

ሰውዬው ወደ እኔ ተመለከተ። እኔ ምን ልበል? የጎረሰውን ዋጠና፣ ባቡሩ ዘግይቶብኝ ነው አባባ፣ ይቅር በለኝ፣ አለው።

አባባ አጋማሹን ሙሉ እጁን አልለቀቀውም። በወዲያኛው ጎል የእኛዎቹ አገቡና አንድ እኩል ሆነ። አባባ በከዘራው አጥሩን ሲደበድብ ሰውዬው፣ የገዛ ቡድኑ ላይ በገባ ጎል፣ አብሮት አጨበጨበ። ጓደኞቹ፣ ኔቪል፣ አብደሃል እንዴ? አሉት። ዝም በሉ፣ ከአባቴ ጋር ነኝ፣ አላቸው።

የመጨረሻው ፊሽካ ሲነፋ አባባ ሻርፑን ፈትቶ ከቢጫው በላይ ጠመጠመለት። እናትህ የሠራችው ነው፣ ለአንተ ነው ያቆየሁት፣ አለው። መኪናው ጋ ሰውዬው ተከትሎኝ መጥቶ፣ እትዬ፣ ይሄ የእኔ አይደለም፣ ብሎ ሊመልስልኝ ዘረጋው። ለልጁ ነው የሰጠው፣ ያዘው፣ አልኩት።

ከዚያ ወዲህ አባባ ልጄ ይመጣል ብሎ በር ላይ አልቆመም። አልጋው ላይ እንኳ ለመጣ ለሄደው ሁሉ፣ ልጄ መጥቶ ነበር፣ ኳስ አየን፣ ይል ነበር፤ እያለ አረፈ። ኔቪል ከማን እንደሰማ እንጃ፣ ቀብሩ ላይ ሰማያዊውን ሻርፕ አድርጎ ተገኘ። ለአንተ በተተወው ቦታ ቆመ። ቄሱ ጨብጠውት፣ እንኳን ለአባትህ ደረስክ፣ አሉት። የጎረቤት ሰው ደግሞ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣ ወንድምሽ ወፍሯል እኮ፣ አለኝ። አዎ፣ ወፍሯል፣ አልኩ።

ሻርፑን ካሻህ ኔቪል ማርሽቶን ገበያ ዓሣ ይሸጣል። ሂድና ማን መሆንህን ነግረህ ጠይቀው።

ለአንቺስ ምን ቀረልሽ ብለህ አልጠየቅከኝም። ልንገርህ። ያን ቅዳሜ ወደ ቤት ስንመለስ አባባ መኪናው ውስጥ አተኩሮ ሲያየኝ ቆየና፣ ደግ ሴት ነሽ፣ አባት አለሽ? አለኝ። አዎ፣ አባት አለኝ፣ አልኩት። ታድሎ፣ አለና እንቅልፍ ወሰደው።

እንግዲህ ሰላም ሁን። ጤናውን ይስጥህ፤ ልጆችህም እስከ ዕድሜህ ማብቂያ ከጎንህ አይጥፉ። አንተም ስማቸውን አትርሳ።

ታላቅ እህትህ