ርግቦቹ እንዳይሰሙ

ውድ አባዬ፣

ከተለየኸን ሁለት ክረምት አለፈ። እኛ ደህና ነን፤ ርግቦችህም ደህና ናቸው።

የሠራህላቸው ቤት እንደቆመ ነው። ከፋብሪካ ባመጣኸው የሣጥን ጣውላ የሠራኸው፣ ድመት እንዳይወጣበት እግሮቹን ቆርቆሮ ያለበስከው፣ የነፋስ ስልክ ሰው «ቀበሌ ይምጣ፣ ትርፍ ቤት አለው!» እያለ የቀለደብህ። ክረምቱ ጣሪያውን በአንድ በኩል በልቶት ነበር፤ የዘይት ቆርቆሮ ጠፍጥፌ ደረብኩበት። አያምርም፣ ግን አያፈስም።

«ርግብ ጠብ ባለበት ቤት አትቀመጥም» ያልከውን እማዬ አሁንም እንደ ሕግ ይዛዋለች። የሚያጣላ ነገር ሲመጣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እስቲ ነይ ውጪ» ትለኛለች። ከአጥሩ በር ውጪ ቆመን እንጣላና ተመልሰን እንገባለን። ርግቦቹ ምንም አይሰሙም፤ ጎረቤት ግን ሁሉንም ይሰማል።

ዘንድሮ የሚያጣላን ምደባዬ ነው። ዩኒቨርሲቲ ጨረስኩ አባዬ። አስተማሪ ሆኜ ጎሬ ተመድቤያለሁ። እኔማ ምደባው ሳይነገረን ሻንጣዬን አዘጋጅቼ ነበር። እማዬ ግን አዲስ አበባ እንዲያስቀሩኝ ሄጄ እንድለምን ትፈልጋለች። በር ላይ ስንከራከር እትዬ በላይነሽ ከማዶ «ተምራ ተምራ ልታቅፊያት ነው እንዴ? ልቀቂያት!» ትላለች። ልብስ ሰፊው ጋሽ ታደሰ ደግሞ ከስፌት መኪናው ቀና ሳይል «ለማን ትታት ትሂድ? እናት እኮ ናት!» ይላል። ሠፈሩ ለሁለት ተከፈለ።

ባለፈው እሑድ እማዬ ወደ ውጪ አልጠራችኝም። ለርግቦቹ ስንዴ እየበተነች ሳለ በድንገት እዚያው ግቢ ውስጥ «እኔስ? ብቻዬን ልቅር?» ብላ ጮኸች። ርግቦቹ አንድ ላይ ብድግ ብለው ሄዱ። ደነገጥን። ሁለታችንም ሰማይ ሰማይ ስናይ ዋልን።

ሊመሽ ሲል አንድ በአንድ መጥተው ገቡ። እማዬ የመጨረሻዋ እስክትገባ ጠብቃ «ያ ሰውዬ ለካ ሲሸውደን ኖሯል!» አለችና ሳቀች። ስትስቅ ካየኋት ቆይቶ ነበር። ቀጥላም «በይ ሂጂ፤ ክረምት ላይ ግን ትመጫለሽ» አለችኝ። ብትሸውደንም አባዬ፣ በዚያ ግቢ በሰላም አድጌያለሁ።

ሰኞ እነሳለሁ። ጎሬ የሚያውቀኝ ሰው የለም። ክፍል ገብቼ ስሜን ስነግራቸው ያንተንም አስከትላለሁ፤ ተማሪዎቼ ሁለታችንን አንድ ላይ ይለምዱናል።

ልጅህ